ከአያቷ ቤት በተመለሰች በ12ኛው ቀን ትኩሳት ያዛት፤ ወባ መሆኑ የታወቀው ግን ከአራት ቀን በኋላ ነው

እናት ከአዳማ
ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 3፡20

ይህን ለመጻፍ ከአንድ ወር በላይ ፈጀብኝ። ልጄ አሁን ደህና ናት፤ አስቀድሜ የምናገረው የሚያነብ ወላጅ ልቡ እንዳይሰቀል ነው።

የስድስት ዓመት ልጄን ክረምቱን አርባ ምንጭ እናቴ ዘንድ ልኬያት ነበር። የእናቴ ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ የሙዝ እርሻ ዳር ነው። ሐምሌንና ነሐሴን ከአክስቷ ልጆች ጋር ስትቦርቅ ከርማ፣ ዘመን መለወጫን ከእኛ ጋር እንድታሳልፍ ነሐሴ 28 ቀን አዳማ ተመለሰች። መናኸሪያ ስቀበላት ፀሐዩ ጠቆር አድርጓት፣ አዲስ ሹሩባ ተሠርታ፣ ሙዝ በሁለት እጇ ታቅፋ ነበር። ፍጹም ጤነኛ ነበረች።

መስከረም 5 ቀን እሁድ ማታ ‹ራሴን አመመኝ› አለችኝ። ስነካት ትፋጃለች። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ስትጫወት ስለዋለች ምች ነው ብዬ ዳማከሴ ጨምቄ አጠጣኋት፤ ፓራሲታሞልም ሰጥቼ አስተኛኋት። በማግሥቱ ትምህርት የምትጀምርበት ቀን ነበር። የተተኮሰው ዩኒፎርሟ ወንበር ላይ እንደተሰቀለ ቀረ።

ሰኞ ጠዋት ሰፈራችን ወዳለ የግል ክሊኒክ ወሰድኳት። ስሙን አልጽፍም። የደምና የሰገራ ምርመራ ታዘዘ፤ ውጤቱ ታይፎይድ ነው ተባለና መርፌ ተጀመረላት። ማክሰኞ ጠዋት ትኩሳቱ ለቀቃት፤ ገንፎ በላች፤ መርፌው ሠራ ብዬ ፈጣሪዬን አመሰገንሁ። ማታ ከፊተኛው ብሶ ተመለሰ። ረቡዕ ዕለት ‹ወባ ይሆን?› ብዬ ራሴ ጠየቅሁ። ጣቷን ወግተው በፈጣኑ መመርመሪያ አዩላት፤ አንድ መስመር ብቻ ወጣ። ወባ የለባትም፣ የታይፎይዱን መርፌ ጨርሱ ተባልን።

እናቴ ከአርባ ምንጭ በየሰዓቱ ትደውል ነበር። ‹ይህ የእኛ አገር ወባ ነው፤ ከዚህ ይዛው ነው የሄደችው፤ ደሟን በማይክሮስኮፕ ይዩላት› ትለኛለች። እኔ ደግሞ ‹ተመርምራ የለባትም ተብሏል› እያልሁ እመልስላታለሁ። ‹ልጄ አርባ ምንጭ ከርማ ነው የመጣችው› የሚለውን ቃል ክሊኒኩ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ከአፌ አላወጣሁም። እነሱ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ውኃ እንኳ አልረጋላት አለ። ስጠራት ዓይኗን ገለጥ አድርጋ መልሳ ትከድናለች። ተሸክሜ ሆስፒታል ገባሁ። ተረኛዋ ነርስ ምንም ሳትናገር የልጄን እጅ ገልብጣ መዳፏን ከራሷ መዳፍ አጠገብ አደረገችው። የልጄ መዳፍ ወረቀት መስሏል። ከዚያ ቀና ብላ ‹ክረምቱን የት ነው የከረመችው?› አለችኝ። ከእሁድ ጀምሮ ይህን የጠየቀችኝ የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት።

ደሟ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ፋልሲፓረም የሚባለው ክፉው የወባ ዓይነት ነው፤ ያውም ብዙ። በዚያው ምሽት አርቴሱኔት የሚባለው የከባድ ወባ መድኃኒት በደም ሥሯ ተጀመረላት፤ ደምም ተሰጣት። ስድስት ቀን ተኝታ ወጣን። ከመውጣታችን በፊት የሰኞውን የሲቢሲ (የደም ሕዋሳት ቆጠራ) ወረቀት ለሐኪሙ ሳሳየው ፕላትሌት የሚለው፣ ደም የሚያረጉት ሕዋሳት የተቆጠሩበት መስመር ላይ ጣቱን አሳረፈ። 62 ሺህ ይላል። ቢያንስ 150 ሺህ መሆን ነበረበት፤ ወባ ያወርደዋል አለኝ። ‹ይህ ወረቀት ሰኞ ዕለት ተናግሮ ነበር› አለ፤ ሌላ ምንም አልጨመረም።

ፈጣኑ መመርመሪያ እንዴት ሳያገኘው ቀረ? የእናንተስ ልጅ ከሌላ አገር ተመልሶ ትኩሳት ሲይዘው ሐኪሙ ‹ከየት መጣ?› ብሎ ጠይቋችሁ ያውቃል?

የሁለት ልጆች አባት
ጥቅምት 27፣ ከምሽቱ 3፡48

እንኳን ፈጣሪ ማረልሽ እህቴ። እኔ ተጠይቄ አላውቅም። ልጆቼን በየዓመቱ ወለጋ እልካለሁ። ዛሬ ይህን ካነበብሁ በኋላ ለባለቤቴ አነበብሁላት፤ ሁለታችንም ዝም አልን።

ከላብራቶሪው ወንበር
ጥቅምት 27፣ ከምሽቱ 4፡35

እህቴ፣ የላብራቶሪ ቴክኖሎጂስት ነኝ፤ ሥራዬ እዚሁ አዳማ ነው። ስለ ልጅሽ ናሙና ከዚህ ሆኜ እርግጠኛ ነገር መናገር አልችልም፤ ስለ መመርመሪያው ግን ልንገርሽ።

ፈጣኑ መመርመሪያ ተሕዋሱን ራሱን አያይም። ተሕዋሱ ደም ውስጥ የሚለቀውን ፕሮቲን ነው የሚፈልገው። በአገራችን ያለው የፋልሲፓረም ወባ ከፊሉ ብዙዎቹ መመርመሪያዎች የሚፈልጉትን ያንን ፕሮቲን የሚሠራውን ዘረመል አጥቷል፤ ይህ በጥናት የተረጋገጠ ነው። እንዲህ ያለው ወባ ልጅን አልጋ ላይ ጥሎት ሳለ ያ መመርመሪያ አንድ መስመር ብቻ ሊያሳይ ይችላል። በዚህ ምክንያት ሌላ ፕሮቲን ጨምሮ የሚፈልግ መመርመሪያ መጥቷል፤ የትኛው ዓይነት የት እንዳለ ግን በሽተኛው አያውቅም። በሙቀት ውስጥ የተቀመጠ መመርመሪያም ይበላሻል፤ ተሕዋሱ ገና ጥቂት ከሆነም ያመልጠዋል።

ማይክሮስኮፑም ቢሆን የሚያየው የሰው ዓይን ነው። ወፍራሙ የደም ቅብ በትክክል ከተሠራ፣ መስታወቱን ጋዜጣ ላይ ስታስቀምጪው ከሥሩ ያለው ፊደል ይነበባል። ከዚያ በደንብ መድረቅ አለበት፤ ጂምሳ የሚባለው ቀለም ይቀባል፤ ይታጠባል፤ እንደገና ይደርቃል። ‹የለም› ብሎ ለመጻፍ ቢያንስ 100 የእይታ ቦታ መቃኘት ያስፈልጋል። ውጭ ወንበር ላይ አርባ ሰው ተቀምጦ ሲጠብቅ 100 ቦታ የሚያይ ሁሉም ባለሙያ አይደለም። ይህን የምለው የሙያ ባልደረቦቼን ለማሳጣት ሳይሆን ወላጅ ‹አንድ ጊዜ ታይቶ የለም ተብሏል› በሚለው ላይ እንዳይተኛ ነው። ፋልሲፓረም ደግሞ ጠባዩ ክፉ ነው፤ ያደገው ተሕዋስ የውስጥ አካላት ጥቃቅን የደም ሥሮች ላይ ተለጥፎ ይደበቃል። ከጣት የተወሰደው ደም ጥቂት ብቻ የሚያሳይበት ሰዓት አለ። ጥርጣሬ ካለ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ደግሞ ማየት፣ ከዚያም ሦስተኛ ማየት ነው። ልጅሽ ረቡዕ አንድ ጊዜ ታይታ ፋይሉ ተዘጋ፤ ስህተቱ ያለው እዚያ ላይ ነው።

12ኛው ቀን ማለትሽም ከበሽታው ጋር ይገጥማል። ትንኟ ከነከሰች በኋላ ተሕዋሱ መጀመሪያ ጉበት ነው የሚገባው። ፋልሲፓረም ወደ ደም ወጥቶ ትኩሳት እስኪያስነሳ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ይወስዳል፤ እስከ ወር የሚዘልቅበትም አለ። ስለዚህ ልጅ መናኸሪያ ሲወርድ ጤነኛ ሆኖ ነው የሚወርደው። ወላጅ ጉዞውን የሚረሳውም ለዚህ ይመስለኛል።

አዳማ ተወልጄ
ጥቅምት 28፣ ከጠዋቱ 1፡10

ከልብ አዝኛለሁ። ነገር ግን አርባ ምንጭ ላይ ብቻ ጣት መቀሰሩ አልገባኝም። አዳማ እኮ ራሷ ወባ አለባት። ወንጂ የሸንኮራ መስኖው፣ ቆቃ ግድቡ፣ ሁሉም አጠገባችን ነው። ወባ ባለበት ከተማ የሚሠራ ክሊኒክ ጉዞ ባይጠይቅም ወባን ማሰብ ነበረበት።

ከላብራቶሪው ወንበር
ጥቅምት 28፣ ከጠዋቱ 2፡05

ትክክል ነህ ወንድሜ። ግን ችግሩ እንዲህ ነው፤ ከተማ መሀል የሚኖር ልጅ ትኩሳት ይዞት ሲመጣ ባለሙያው በዚያ ሳምንት ብዙ ያየውን በሽታ ነው ቀድሞ የሚያስበው። ‹ቆላ ከርሞ መጣ› የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ወባን ከመጨረሻው ረድፍ አንሥቶ መጀመሪያ ላይ ያስቀምጠዋል። እኔ ራሴ የመመርመሪያ ወረቀቱ ላይ ‹ከጋምቤላ የመጣ› ተብሎ ተጽፎ ሲደርሰኝ መስታወቱን የማየው ሌላ ዓይን ይዤ ነው።

ጡረተኛው የወባ ሠራተኛ
ጥቅምት 28፣ ከቀኑ 5፡30

ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ልጅሽ ተርፋለች። እኔ ዕድሜዬን በወባ ሥራ ጨርሼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ጽሑፍሽን የልጅ ልጄ ናት ያነበበችልኝ፤ ይህንንም የምትጽፍልኝ እሷ ናት።

ሥራ ስንገባ በመጀመሪያ የተነገረን እ.ኤ.አ. በ1958 ስለተነሣው ወረርሽኝ ነበር። ወደ 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህል እንደሞተ ይገመታል። ያ ወረርሽኝ የበረታው ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ላይ ባለው አገር ነው። እንደ አዳማ ያለው ከፍታ ማለት ነው። ሕዝቡ ወባን በየዓመቱ ስለማያየው ሰውነቱ አልለመደውም ነበር። በዓመቱ የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ተቋቋመ፤ እኛ የዚያ ትምህርት ልጆች ነን።

ቤት ለቤት ስንዞር ትኩሳት ያለበት ሰው ካገኘን ደም ከመውሰዳችን በፊት የምንጠይቀው ጥያቄ ነበረን፦ ‹ባለፈው አንድ ወር ከዚህ ቤት ውጪ የት የት አድረሃል?› ማደር ነው የምንለው። የወባ ትንኝ የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነውና የዋለበት ብዙም አይጠቅመንም። ‹ጉዞ ሄደሃል?› ብለህ ብትጠይቀው ደግሞ ‹አልሄድሁም› ይልሃል። መዋሸቱ አይደለም። እናቱ ቤት መሄድ፣ ለቅሶ መድረስ፣ ሰርግ ላይ ሁለት ቀን ማደር ለሰው ጉዞ አይመስለውም። ‹የት አደርህ?› ስትለው ግን ያስታውሳል።

እናት ከአዳማ
ጥቅምት 28፣ ከቀኑ 8፡15

ጋሼ፣ እጅዎን ይባርከው፤ የልጅ ልጅዎንም። እውነት ነው። ‹ጉዞ ነበራት?› ብለው ቢጠይቁኝ እንኳ ያን ሰኞ ‹የለም› ብዬ እመልስ ነበር ብዬ አስባለሁ። የእናቴ ቤት ለእኔ ቤቴ ነው። አጎበሩም እዚያ ተሰቅሎ ነበር፤ ሲሞቃት ግን ገልጣ ነው የምትተኛው አለችኝ እናቴ። ደግሞም እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ከልጆቹ ጋር ደጅ ተረት ሲሰሙ ያመሹ ነበር። ይህ ደስታዋ ነበር። እናቴን እንዴት ልውቀሳት? በስልክ ቀድማ በሽታውን የለየችው እሷ አይደለችምን?

አባት ከሐዋሳ
ጥቅምት 28፣ ከምሽቱ 2፡40

የእኔ ሌላ ዓይነት መዘግየት ነው። ወንዱ ልጄ አራት ዓመቱ ነው። በኅዳር ዝዋይ ዘመድ ጥየቃ ሄደን ከተመለስን በኋላ ታሞ ቫይቫክስ የሚባለው ሌላው የወባ ዓይነት ተገኘበት፤ ክሎሮኪን ወስዶ ዳነ። በግንቦት እንደገና ትኩሳት። ጉንፋን ተባለ፤ ቀጥሎ ቶንሲል ተባለ። ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክ ጨረሰ። ‹በቅርቡ የት ሄዳችሁ ነበር?› የሚለውን አንዲት ሐኪም ጠይቃኝ ‹የትም› አልኋት፤ እውነቴን ነበር፤ ስድስት ወር ሙሉ ከሐዋሳ አልወጣንም።

በሳምንቱ ደሙ ሲታይ ያው ቫይቫክስ ነው። ያን ጊዜ ነው ተሕዋሱ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከርሞ ከወራት በኋላ ሊነሣ እንደሚችል የተነገረኝ። ለሱ የሚሰጠው ፕሪማኩዊን የሚባለው የ14 ቀን መድኃኒት ነው፤ በኅዳር አልተሰጠውም ወይም ተሰጥቶን እኛ አልጨረስነው ይሆናል፤ የባለቤቴም የእኔም ትዝታ አንድ አይደለም። ሐዋሳ ራሷ ሐይቅ ዳር ናት፤ አዲስ ንክሻ ሊሆን እንደሚችልም ሐኪሟ አልደበቀችኝም። ግን ‹ባለፈው ዓመት ወባ ይዞት ያውቃል?› የሚለው ጥያቄ ቢቀድም ኖሮ ልጄ ሳምንቱን ሙሉ አይሰቃይም ነበር።

ከድሬ የተመለስሁ
ጥቅምት 28፣ ከምሽቱ 4፡02

ልጨምር። ባለፈው ዓመት በበጋ ልጆቼን ይዤ ድሬዳዋ ወንድሜ ጋ ሁለት ሳምንት ተቀመጥን። አዳማ ስንመለስ ትልቋ ታመመች። ከድሬ መምጣታችንን ተናግሬያለሁ። የተሰጠኝ መልስ ‹ድሬዳዋ ደረቅ ናት፤ በበጋ ወባ ከየት ይመጣል?› የሚል ነው። ሁለት ቀን በዚህ ባከነ።

በኋላ እንደተረዳሁት አዲስ ትንኝ ገብቷል፤ ስቴፈንሳይ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ውስጥ፣ በ2016 ደግሞ በእኛ አገር ሶማሌ ክልል ተገኘ። ረግረግ አይፈልግም፤ ከተማ ውስጥ በርሜልና ሮቶ ውስጥ ይፈለፈላል። በ2022 ድሬዳዋ በበጋ በወባ የታመሰችው በሱ ነው። የወንድሜ ግቢ ውስጥ ክዳን የሌላቸው ሦስት በርሜሎች ነበሩ። ልጆቼ በነሱ ውኃ ነበር የሚጫወቱት።

ነርስ ነኝ
ጥቅምት 29፣ ከሌሊቱ 6፡50

ከሥራ መግባቴ ነው፤ ሳልጽፍ መተኛት አልቻልሁም። የምሠራው እናንተ በምትወቅሱት ዓይነት የግል ክሊኒክ ነው። እውነቱን ልናገር። ካርዳችን ላይ ‹የት አደረ?› ለሚለው ቦታ የለውም። ሕፃኑ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ያስለዋል፤ በሕፃን ላይ ወባ እንደ ትልቅ ሰው በብርድ ብርድ እያንቀጠቀጠ ብቻ አይመጣም። ከዚያ ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ የደም ምርመራ ይታዘዛል። ዊዳል አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶ ብዙ አይነግርህም፤ የሚያየው ሰውነት ያዘጋጀውን መከላከያ ስለሆነ ድሮ ታሞ የዳነውም፣ ወባ የያዘውም ፖዘቲቭ ሊያሳይ ይችላል። ይህን ተምረነዋል። ግን ወላጅም ‹ታይፎይድ ነው አይደል? መርፌ ስጡልኝ› ብሎ ነው የሚገባው። ‹ገና አላወቅንም፤ ነገ ደግመን እንይ› ብንል ወደ ሌላ ክሊኒክ ይሄዳል። ይህ ይቅርታ አይሆነንም፤ እህቴ ላይ የደረሰው መድረስ አልነበረበትም። የእኔ ድርሻ ሆኖ ከነገ ጀምሮ ‹ባለፈው ወር የት የት አደረ?› የሚለውን በእስክሪብቶ ካርዱ ጫፍ ላይ እጽፋለሁ። የጋሼን ቃል እንዳለ ነው የምወስደው።

የሁለት ልጆች አባት
ጥቅምት 29፣ ከጠዋቱ 3፡15

የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መግለጫ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ብቻ በአገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ታሟል፤ 1,157 ሞተዋል። ዘንድሮ ምዕራብ ኦሮሚያ እጅግ ከተጎዱት አንዱ ነው። እኔ ደግሞ ልጆቼን የምልከው እዚያው ነው። አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ባለፈው ዓመት የተረፈ ኮአርተም የሚባለው የወባ ክኒን ቤት አለ። ትኩሳት ሲጀምራቸው ቀድሜ ብሰጣቸውስ?

ከላብራቶሪው ወንበር
ጥቅምት 29፣ ከቀኑ 6፡40

ወንድሜ፣ እባክህ አታድርገው። ሁለት ሦስት ፍሬ የወሰደ ልጅ ደም ስናይ ተሕዋሱ ቀንሶ ይሰወርብናል፤ ‹የለም› እንላለን፤ በሽታው ግን አልጠፋም። ሙሉው ሕክምና በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ ነው፤ መጠኑም በኪሎ ነው። መጀመሪያ ደም፣ ከዚያ መድኃኒት። ልጁ የሚወስደውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ ራሱን ስቶ የሚያንቀጠቅጠው፣ ሲጠሩት የሚደነዝዝ፣ በኃይል የሚተነፍስ፣ መዳፉ የነጣ ወይም ሽንቱ እንደ ኮካ ኮላ የጠቆረ ከሆነ ደግሞ ክሊኒክ ሳይሆን በቀጥታ ሆስፒታል።

የመጀመሪያ ልጅ እናት
ኅዳር 1፣ ከቀኑ 9፡25

ይህን ውይይት ዛሬ ነው ያየሁት፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው። አባቱ መተሐራ ስኳር ፋብሪካ ይሠራል። ልጄ ስምንት ዓመቱ ነው፤ አባቱ ጋ አሥር ቀን ቆይቶ ጥቅምት 20 ወደ አዳማ መለስሁት። ከትናንት ማታ ጀምሮ ያተኩሰዋል፤ ሁለት ጊዜ አስመልሶታል። አሁን ቀዝቀዝ ብሎለት ኳስ እያየ ነው። ነገ ጠዋት ልውሰደው?

እናት ከአዳማ
ኅዳር 1፣ ከቀኑ 9፡31

አሁኑኑ ውሰጂው እህቴ። የእኔዋም ማክሰኞ ጠዋት ገንፎ በልታ ነበር። በር ላይ ገና ሳትቀመጪ ‹መተሐራ አሥር ቀን አድሮ ነው የመጣው፤ ደሙ በማይክሮስኮፕ ይታይልኝ› በያቸው።

የመጀመሪያ ልጅ እናት
ኅዳር 1፣ ከምሽቱ 1፡20

ጤና ጣቢያ ነን። ያልሽኝን እንዳለ ተናገርሁ። ፋልሲፓረም ነው፤ ገና ብዙ አይደለም ብለውኛል። በራሱ ይቀመጣል፣ ያወራል፣ ስለዚህ አልጋ አያስፈልገውም ተባለ። የመጀመሪያውን ኮአርተም ከምሽቱ 1 ሰዓት እዚሁ ዋጠ። ያስመልሰው ይሆን ብዬ እየፈራሁ ነው።

ነርስ ነኝ
ኅዳር 1፣ ከምሽቱ 1፡26

በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካስመለሰው ንገሪያቸው፤ መልሰው ይሰጡታል። እዚያው ቆዩ። ወተት ወይም ቅባት ያለው ነገር ከመድኃኒቱ ጋር አቅምሺው፤ ያለሱ ሰውነቱ በደንብ አይወስደውም። ሁለተኛው ከ8 ሰዓት በኋላ ነው፤ ተኝቶም ቢሆን ቀስቅሺው። ‹ያሳዝናል፣ ይተኛ› ብለሽ እንዳታሳልፊው።

የመጀመሪያ ልጅ እናት
ኅዳር 1፣ ከምሽቱ 2፡10

አላስመለሰውም። ቤት ገብተናል። ወተቱን አፍልቼ በፔርሙስ አልጋው አጠገብ አስቀምጫለሁ፤ ስልኬንም ለሌሊቱ 9 ሰዓት ሞልቻለሁ።

እናት ከአዳማ
ኅዳር 1፣ ከምሽቱ 2፡14

እኔም ሞልቻለሁ። በ9 ሰዓት እደውልልሻለሁ፤ ቁጥርሽን በግል መልእክት ላኪልኝ።